ሰዓቱን ያስተማርኩት እኔ ነኝ

ሠላሳ አንድ ዓመት ከሠራሁበት መሥሪያ ቤት በጡረታ ስሰናበት የተሰጠኝ የሥራ ልምድ ማስረጃ ሁለት መስመር ተኩል ነው። «አቶ ጥጋቡ በጥበቃ ሠራተኛነትና በተላላኪነት አገልግለዋል» ይላል። ማኅተሙም ፊርማውም በቦታው አለ። ዘበኛ መሆኔ እውነት ነው። የመጨረሻዎቹን ስድስት ዓመታት ግን በጎንደር ዋናው ቢሮና ወደ ደጋው ባሉት ቅርንጫፎች ፀጉራቸው የሸበተ ሠራተኞችን አዲሱን የኮምፒውተር ሲስተም ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ይኸ የትም አልተጻፈም። የበደሉኝ በዚህ ነው። ሌላውን በደል ሁሉ ትቼዋለሁ፤ ይኸን አልተውኩም።

የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም። የገበሬ መሬት መዝገብ የሚይዝ ነው ማለት ይበቃል። ኃላፊዎቹንም አልጠራም። ስድስት አሳልፌአለሁ፤ ከስድስቱ አራቱ በር ስከፍትላቸው እግዜር ይስጥልኝ ያላሉኝ ናቸው። ደመወዜንም አልጽፍም፤ የሚወራለት አልነበረም።

ጎንደር የገባሁት ከዳባት በላይ ካለ ቀበሌ ነው። ድንጋይ ተሸክሜ፣ አሸዋ ጭኜ፣ በሃያ ዘጠኝ ዓመቴ በር ጠባቂ ሆኜ ተቀጠርኩ። ያኔ ፊደል አልለይም። በሩ ላይ የባለጉዳይ መመዝገቢያ ደብተር ነበር። እኔ ስለማልጽፍ ባለጉዳዩ ራሱ ስሙንና ጉዳዩን እንዲጽፍ ብዕር አቀብለዋለሁ፤ ሲጨርስ ያነበብኩ መስዬ አንገቴን እነቀንቃለሁ። አንድ ቀን ኃላፊው ደብተሩን ሲያገላብጥ አንድ ገጽ ላይ ቆመና ሠራተኛው በሚሰማበት ጮክ ብሎ አነበበው። አንዱ በስሙ ቦታ «ይኸ ዘበኛ ማንበብ አይችልም፤ የፈለግሁትን ብጽፍ ያሳልፈኛል» ብሎ ጽፎበታል። ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ። በሳምንቱ የጎልማሶች ትምህርት ተመዘገብኩ።

ያስተማሩኝ የኔታ ላቀው ናቸው። ዜማ ቤት ያደጉ፣ ከሰል የመሰለ ጥቁር ካባ የማይለያቸው ሽማግሌ ነበሩ። ስለእሳቸው ዘለግ አድርጌ መጻፍ አለብኝ፤ ኋላ የሠራሁት ሁሉ ከእሳቸው የወሰድኩት ነውና።

የኔታ የተማሪ እርሳስ ነክተው አያውቁም። ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ካባቸው ውስጥ ይደብቃሉ። ሌላው አስተማሪ «አምጣው ላሳይህ» ብሎ እርሳሱን ይነጥቅሃል፤ እሱ ይጽፈዋል፣ አንተ ታያለህ፣ እቤትህ ስትገባ ደብተርህ ላይ ያለው የእሱ እጅ ጽሑፍ ነው እንጂ ያንተ አይደለም። የኔታ ግን ዓመቱን ሙሉ አንዲት ፊደል አልጻፉልኝም። ከሰሌዳው ላይ አይቼ ራሴው ነው የጻፍኩት።

ሁለተኛው ጠባያቸው ጀርባቸውን መስጠት ነው። ትልቅ ሰው ሲሳሳት መታየት አይወድም። ስሜን ለመጀመሪያ ጊዜ ጻፍ ሲሉኝ ወደ መስኮቱ ዞሩና ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመሩ። ስፍቅ፣ ስጽፍ፣ ላቤ ሲንጠባጠብ አንዴም አልዞሩም። «ጨረስኩ» ስላቸው ነው የዞሩት።

ሦስተኛው፣ «ገባኝ» የሚለውን ቃል አለማመናቸው ነው። የኛ ሰው አስተማሪን ላለማስቀየም ሲል ሳይገባው ገባኝ ይላል። የኔታ እንዲህ ያለውን ሰው ያስቆሙና «ገባኝ ማለትህ ከጨዋነትህ ነው፤ ደግ አደረግህ። አሁን ለጎረቤትህ አስረዳው» ይሉታል። ያኔ የገባውና ያልገባው ይለያል። ደግሞ አዲስ ነገር ሲያስተምሩ መጀመሪያ ደብተሩን ያስከድኑናል። በቃል ነው የሚያስይዙን። አፋችን ሲለምደው ነው ዓይናችን እንዲያየው የሚፈቅዱት።

ማንበብ ከቻልኩ በኋላ ትክል ድንጋይ ቅርንጫፍ ተዛወርኩ፤ ያው በዘበኝነት። እዚያ ሳለሁ ነው የመጀመሪያው ኮምፒውተር በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በመኪና የመጣው። የምትሠራበት የመዝገብ ሠራተኛዋ ዝማም ነበረች። ከጎንደር የመጣች፣ ፈጣን፣ ምላሷ የማይታጠፍ ሴት። ጠዋት ጠዋት ክፍሉን ስጠርግ ከኋላዋ ቆሜ አያለሁ። አንድ ቀን ሳትዞር «አያ ጥጋቡ፣ ቆመህ ከምታፈጥብኝ ቁጭ ብለህ ሞክረው፤ ትንፋሽህ አንገቴን አቃጠለው» አለችኝ። ተቀመጥኩ። የላቲኑን ፊደል ያኔ ነው ያየሁት፤ ዘግይቼ የተማርኩት ሁለተኛ ፊደል ሆነ። በዓመቱ ደብዳቤ እተይብ ጀመር። ኮምፒውተር ያስተማረችኝ ዝማም ናት። ይኸን አንባቢ ይያዝልኝ።

እኔም አንድ ነገር አስተማርኳት።

ያ ኮምፒውተር ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን ዘጠኝ ይላል። ዓመቱም የፈረንጅ ነው። ደብዳቤ ላይ ቀኑን ራሱ ሲያስገባ የፈረንጁን ያወጣል፤ ዝማም በየደብዳቤው እያጠፋች የኛን ትጽፋለች። እኔ ማሽኑ የተሳሳተ መሰለኝ። ስጎረጉር ስጎረጉር ሰዓቱና ቀኑ የሚቀየርበትን አገኘሁት። ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መለስኩት፤ ዓመቱንም ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ጎተትኩት። ከዚያ ወዲያ ማሽኑ እንደኛ ሦስት ሰዓት ሲሆን ሦስት አለ። ቢሮው በሙሉ ተሰብስቦ አየ። ዝማም «አያ ጥጋቡ ኮምፒውተሩን ክርስትና አነሳው» ብላ አሳቀችን። እኔ ግን የሳቅሁት ከኩራት ነበር።

ሥራ ነበረው። ማሽኑ ወሮቹን የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው፤ አንዱን ወር ሠላሳ አንድ፣ አንዱን ሃያ ስምንት ያደርገዋል። ጥቅምት ሁለተኛ ወር ስለሆነ ሃያ ስምንት ላይ ያልቅበትና ኅዳር አንድ ይላል። ጳጉሜንን ጭራሽ አያውቃትም። ስለዚህ በወሩ መባቻ፣ ሠራተኛው ሳይገባ፣ በየማሽኑ እየዞርኩ ቀኑን አቃናለሁ። ወደ ጎንደር ዋናው ቢሮ ስዛወርም ይኸንኑ ይዤ መጣሁ። ዝማምም ቀድማኝ ተዛውራ ነበር። ሠራተኛው ሁሉ ከእኔ ሰዓቱን መቀየር ተማረ፤ አሥር ዓመት ያህል ምንም አልሆነም። ማሽኖቹ ለየብቻቸው ነበሩ፤ ማን ከማን ጋር ያስተያያቸዋል።

ከዚያ አዲሱ ሲስተም መጣ። ሲስተም የምለው ኮምፒውተሩ ሲበራ አብሮ የሚነሳውን፣ ሌላውን ፕሮግራም ሁሉ ተሸክሞ የሚያሠራውን ነው፤ ባለሙያዎቹ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ይሉታል። የድሮው ተጠርጎ አዲሱ እንዲጫን፣ ማሽኖቹም በኔትወርክ እንዲያያዙ ታዘዘ። የአይሲቲ ባለሙያው ብሩክ የሚባል ልጅ ነበር፤ ሰው አክባሪ፣ ግን ችኩል። ማሽኖቹ ከመጠረጋቸው በፊት የየሠራተኛውን ፋይል ወደ ማዕከሉ ማሽን ገለበጠ። አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሁለት ፋይሎች ከተገኙ አዲሱን እንዲያስቀር፣ አሮጌውን እንዲጥል ማሽኑን አዘዘው።

ከሁሉ የዝማም መዝገብ ብቻ ከሁለት ዓመት በፊት ለምርመራ ተወስዶ አንድ ቅጂው ማዕከሉ ውስጥ ነበር። የማዕከሉን ማሽን ሰዓት ማንም ስላልነካው ያ ቅጂ የፈረንጅ ቀን ይዟል። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ የሠራችው ግን በእኔ ሰዓት የተሠራ ነው፤ ቀኑ ወደ ኋላ የተጎተተ። ማሽኑ የዝማምን የትላንት ሥራ አይቶ ይኸ የጥንት ነው አለና ጣለው። የሁለት ዓመቱን አሮጌ አስቀረ። ከዚያ የእሷ ማሽን ተጠርጎ አዲሱ ሲስተም ተጫነ። ሲታወቅ የሚመለስ ነገር አልነበረም። ሁለት ዓመት የተመዘገበ የገበሬ መሬት ከማሽኑ ጠፋ። ወረቀቱ ስለነበረ መሬቱ ከባለቤቱ እጅ አልወጣም፤ ግን ዝማም ሳይጠረግ በቀረ አንድ አሮጌ ማሽን ስምንት ወር ሙሉ እንደገና ተየበችው።

ኃላፊው ጠርቶ ሲጠይቃት እኔ በር ላይ ነበርኩ፤ ክፍሉን ክፈት ተብዬ ቁልፍ ይዤ ቆሜአለሁ። ብሩክ የማሽኑ ቀን የተሳሳተ እንደነበር አስረዳ። ኃላፊው «ሰዓቱን ማን ነው የቀየረው?» አለ።

«እኔ» አለች።

«ማን አሳየሽ?»

«ማንም አላሳየኝም።»

ቁልፉን ይዤ ቆምኩ። አፌን አልከፈትኩም። በሥራ ዘመኔ ካጠፋሁት ሁሉ ትልቁ ይኸ ነው። ሰዓቱን ማስተማሬ ባለማወቅ ነው፤ ዝም ያልኩት አውቄ ነው። በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጧት፣ «በግዴለሽነት መዝገብ ያጠፋች» የሚል። የጠፋውን ተይባ ስትጨርስ ከመዝገብ ክፍል አውጥተው መጋዘን አስቀመጧት።

አዲሱ ሲስተም ሌላ መዘዝ አመጣ። አንድ አዳራሽ ውስጥ ለሁለት ቀን ሥልጠና ተሰጠ። አሠልጣኙ ከሌላ ከተማ የመጣ ወጣት ነው፤ ግድግዳው ላይ እያበራ ይሮጣል። አሮጌዎቹ ሠራተኞች በጨዋ ደንብ «ገባን» አሉት። ተመልሰው ሲመጡ ማሽኑን ማብራት የተሳነው ነበር። በድሮው የሚያውቁት የመነሻ ምልክት አዲሱ ላይ መልኩን ቀይሯል፤ የለመዱት ነገር ሁሉ ቦታውን ለቋል። ማሽኑ የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ ሳይጠሩት መልእክት ያወጣል። ኃላፊው በስድስት ወር ውስጥ ያልቻለ ከቦታው ይነሳል አለ። ጡረታ ሁለት ሦስት ዓመት የቀራቸው ሰዎች ነበሩ፤ ከዚህ ቦታ ተነስተው የት ይደርሳሉ።

ብሩክን አንድ የተጣለ ማሽን አዲሱን ሲስተም ጭነህ ስጠኝ አልኩት። ምንም ሳይጠይቅ ሰጠኝ። ዘበኛ ቤቴ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ አስገባሁ። ለሦስት ሳምንት ከሥራ በኋላ ለብቻዬ ተማርኩት። መጀመሪያ የተማርኩት ሰዓቱ ለምን እንደማይነካ ነው። ብሩክ ሲያስረዳኝ በየት በኩል እንዳጠፋሁ ያኔ ጥርት ብሎ ታየኝ። ለብሩክ ግን ማን እንዳስተማራት አልነገርኩትም።

የመጀመሪያው ተማሪዬ አቶ ፈንታሁን ነበር፤ ቀያሽ፣ ሃምሳ ስምንት ዓመቱ፣ ካርታ በእጁ የሚሥል ሰው። በሩ ላይ ቆሞ «ሠላሳ ዓመት ተምሬ መጨረሻዬ የዘበኛ ተማሪ መሆን ነው?» አለ።

«መለካት ያንተ ሥራ ነው፤ መክፈት ግን የዘበኛ ነው፤ ግባ» አልኩት።

«አያ ጥጋቡ፣ አፍህ ከማሽኑ ይብሳል።»

«ማሽኑ ዝም ሲልህ አይደል የመጣኸው?»

ገባ። ማሽኑን አላበራሁትም። ጠረጴዛው ላይ የክብሪት ቀፎ አስቀመጥኩለትና በመዳፉ እንዲያንሸራትት አደረግሁት። አሮጌ ሰው ማውስ ሲይዝ የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ሲደርስ ያበቃ ይመስለዋል፤ ቀስቱ ስክሪኑ መሀል ላይ ይቀራል፣ ሰውየው ማሽኑ ተበላሸ ይላል። አንስቶ ወደ መሀል መመለስን በክብሪት ቀፎ ካልለመደ በማውስ አይለምደውም። ይኸን የትኛውም ሥልጠና ላይ አላየሁም፤ ለወጣቶቹ መማር እንዳለበት እንኳ አይታያቸውም።

ሁለተኛው ነገር ጣት ነው። ሁለት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ጠቅ ማድረግ ለሚንቀጠቀጥ ጣት አይሆንም፤ በሁለቱ መሀል እጁ ይንሸራተትና ፋይሉን ጎትቶ ሌላ ቦታ ይጥለዋል። ከዚያ ጠፋ ይላል። እኔ አንድ ጊዜ ጠቅ፣ ከዚያ ኪቦርዱ ላይ ኢንተር የሚባለውን ትልቁን ቁልፍ መጫን አስተማርኳቸው። ሁለት እጅ፣ ሁለት ሥራ። የጠፋ ፋይል ቀረ።

ሦስተኛው ዓይን ነው። ከምንም በፊት የስክሪኑን ጽሑፍ አተልቃለሁ። ጽሑፉ ስላልታየው ብቻ አልገባኝም የሚል ስንት ሽማግሌ አለ መሰለህ።

ከዚያ በቃል። ማሽኑ ጠፍቶ፣ እጅ ጉልበት ላይ ሆኖ፣ «አብራ፣ ጠብቅ፣ ስምህን ስጥ፣ የይለፍ ቃልህን ጻፍ፣ ጠብቅ» ይባላል። ጠብቅ ሁለት ጊዜ የገባው አውቄ ነው። ማሽኑ ሲዘገይ አሮጌ ሰው ይጨንቀውና አሥር ጊዜ ይጫናል፤ አሥሩም በአንድ ጊዜ ይከፈታሉ፤ ሰውየው ደንግጦ ከመብራቱ ይነቅለዋል። የማሽኑ መልእክት በእንግሊዝኛ ሲመጣም ገመድ አይነቀልም። መልእክቱ ሲወጣ የትኛው ቃል «እሺ»፣ የትኛው «ተወው» እንደሆነ በመልኩ ብቻ እንዲለዩት አደረግሁ። እኔም የማውቀው በመልኩ ነው።

ማውሳቸውን ነክቼ አላውቅም። እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ እቆማለሁ፤ ሲሞክሩ ወደ በሩ ዞሬ ስለመጣው ባለጉዳይ አወራለሁ። «ጨረስኩ» ሲሉኝ እዞራለሁ። ገባኝ ያለውን ለሚቀጥለው እንዲያስተምር አደርገዋለሁ። ከማን እንደወሰድኩት ቀደም ብዬ ጽፌአለሁ።

ፈንታሁን በአምስተኛው ሳምንት የአንድ ቀበሌ ካርታ በማሽኑ ሠርቶ አተመ። ወረቀቱን ይዞ ዘበኛ ቤት መጣ። ምስጋና አልተናገረም፤ ካርታውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቶ የእኔን የትውልድ ቀበሌ በጣቱ አሳየኝ። «ይኸውልህ፣ እዚች ጋ ነው የተወለድከው፤ ዳገቱን እኔ ነኝ የለካሁት» አለ። ሸጋ ሥራ ነበር። በስድስት ወሩ ዋናው ቢሮ ካሉት አሮጌ ሠራተኞች ከቦታው የተነሳ አንድም አልነበረም።

ወሬው ወደ ደጋው ወጣ። ከዳባትና ከደባርቅ ቅርንጫፎች «ያን ሰውዬ ላኩልን» ይባል ጀመር። ላኩኝ። በስልክ «ጥጋቡን አስተምርላቸው ብለን ልከነዋል» ይላሉ። ወረቀቱ ላይ ግን «ንብረት አጃቢ» ብለው ነው የሚጽፉት፤ ዘበኛን ለማስተማር ልከናል ብሎ መጻፍ ያሳፍራቸዋል። ደባርቅ በብርዱ ጣታቸው የደነዘዘ ሦስት ሽማግሌዎችን እጃቸውን በሞቀ ውሃ እያስነከርኩ ነው ያስተማርኩት። ወረቀቱ አንድ ማተሚያ ማሽን እንዳጀብኩ ይናገራል። በደብተሬ የጻፍኳቸው አርባ ሦስት ናቸው። ከአርባ ሦስቱ ከእኔ ከተማረ በኋላ ፋይል የጠፋበት የለም። ለሁሉም የመጀመሪያው ትምህርቴ ሰዓቱን አትንኩ ነበር። ስለምን ሲሉኝ፣ «አንዲት ሴት ጎዳንበት» እላለሁ፤ ከዚያ አልጨምርም።

ያቺ ሴት ከግቢው ማዶ መጋዘን ውስጥ ነበረች። በየቀኑ ሰላም እንባባላለን። በሃምሳ አምስት ዓመቷ በገዛ ፈቃዷ ጡረታ ወጣች። ስትወጣ የምስጋና ወረቀት አልሰጧትም፤ ማስጠንቀቂያ ያለበት ሠራተኛ አይሰጠውም። በሩን የከፈትኩላት እኔ ነኝ።

እኔ ጡረታ ስወጣ አዘዞ ውስጥ አንድ የጡረተኞች ማኅበር ለአባላቱ የኮምፒውተር ክፍል ከፍቶ አስተማሪ ይፈልግ ነበር። ሊቀ መንበሩ ስሜን ሰምቷል። «የማስተማር ልምድህን የሚያሳይ ወረቀት ብቻ አምጣ፤ ያለዚያ ሌላ ሰው እንይዛለን» አለኝ። የተሰጠኝን አየሁት፤ ሁለት መስመር ተኩል፣ ዘበኛ። ይዤው ወደ ኃላፊው ሄድኩ።

ኃላፊው ያኔ ዝማምን የጠየቀው ራሱ ሰውዬ ነው። መጀመሪያ መደቡ አይፈቅድም አለ። አርባ ሦስቱን ሰው አስመሰክራለሁ አልኩት። ከዚያ የዝማምን ፋይል አወጣና ረጋ ብሎ ተናገረ።

«አያ ጥጋቡ፣ አስተማሪ ነበርክ ብዬ ጻፍኩልህ እንበል። መርማሪ መጥቶ ሰዓት መቀየሩን ያስተማረው ማነው ቢለኝ ምን እላለሁ? ሠራተኛው ሁሉ ሰዓቱን ከማን እንደተማረ እኔ አላውቅም መሰለህ? ዘበኛ ከሆንክ በማሽን ጉዳይ የሚጠይቅህ የለም። አስተማሪ ከሆንክ ግን ያስተማርከው ሁሉ ያንተ ነው። ምረጥ።»

ክፉ ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን ውሸት አልተናገረም። ሳምንቱን ሙሉ አሰብኩበት። ያስተማርኩት ሸጋ ሸጋው ብቻ እንዲጻፍልኝ ነበር የምፈልገው። ለካ ስድስት ዓመት ሙሉ እኔን የጠበቀኝ ያ የማማርርበት «ዘበኛ» የሚል ቃል ነው።

ከጎንደር ወጣ ብላ ወዳለችው ፀዳ፣ ዝማም ቤት ሄድኩ። ደጃፏ ላይ ምስር እየለቀመች ነበር። «ምነው አያ ጥጋቡ፣ መንገድ ጠፋህ?» አለች። ቁጭ በል ብትለኝም ቆሜ ልናገር አልኩ። ኃላፊው ያለኝን፣ ማኅበሩ የጠየቀኝን፣ ሁሉንም ነገርኳት። የምስሩን ሰፌድ ወደ ጎን አደረገች።

«ያን ዕለት በር ላይ ቁልፍ ይዘህ አይቼሃለሁ» አለች። «እኔው ነኝ ያዳንኩህ። ዘበኛ ማሽን ነካ ብለው ያባርሩህ ነበር፤ እኔን ቢበዛ ይጽፉብኛል ብዬ ነው። ለዚያ ቀን አልተቀየምኩህም። የተቀየምኩህ ከዚያ ወዲህ ነው። ሰው ሁሉ መምህራችን ሲልህ እኔ መጋዘን ተቀምጬ እሰማለሁ። አንድ ቀን መጥተህ ‹ዝማም፣ ልናገረው› ትለኛለህ ብዬ ስጠብቅ ጡረታዬ ደረሰ።»

«ይቅር በይኝ» አልኳት።

«ይቅር ብዬሃለሁ፤ እሱ አያጣላንም። ግን አያ ጥጋቡ፣ ይቅርታ ፋይል ውስጥ አይገባም። በጽሑፍ ነው ያጠፉኝ። በጽሑፍ አውጣኝ።»

እቤቴ ገብቼ ቃሌን በእጄ ጻፍኩ። ኮምፒውተር አልፈለግሁም፤ የእኔው እጅ ጽሑፍ እንዲሆን ነው። ሰዓትና ቀን መቀየርን ለወይዘሮ ዝማም ያስተማርኳት እኔ መሆኔን፣ በወሩ መባቻ እየዞርኩ ማሽኖቹን የቀየርኩት እኔ መሆኔን፣ እሷ ስትጠየቅ በር ላይ ቆሜ ዝም ያልኩት እኔ መሆኔን ጻፍኩ። ከታች አዲሱን ሲስተም ያስተማርኳቸውን አርባ ሦስት ሰዎች ስም ከነቅርንጫፋቸው ዘረዘርኩ። ሁለቱን በአንድ ወረቀት ላይ አደረግሁት። አንዱን ተቀብሎ አንዱን መጣል እንዳይችሉ።

ወረቀቱን ለመሥሪያ ቤቱ አስገባሁ፤ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሦስት ጊዜ ቀጠሩን፤ ሁለት ጊዜ ሰው አልተሟላም ብለው መለሱን። በሦስተኛው ተሟሉ። ፈንታሁን ከጡረታው መጥቶ፣ «ከዘበኛ መማሬን ለመመስከር ነው የመጣሁት፤ ጻፉት» አላቸው። ብሩክ አሁን ሌላ መሥሪያ ቤት ነው፤ ፈቃድ ወስዶ መጣ። የማሽኑን ቀን ሳያይ መገልበጡን፣ ቢያይ ኖሮ ጥፋቱ እንደማይደርስ ማንም ሳይጠይቀው ተናገረ። አስቤው አላውቅም ነበር፤ ለካ እሱም ይዞት ኖሯል። ዝማም ተጠየቀች። «እኔ ቀይሬዋለሁ፤ ያሳየኝ አያ ጥጋቡ ነው፤ ሁለታችንም ጥሩ ያደረግን መስሎን ነበር» ብላ ተቀመጠች።

ውሳኔው ሁለት ደብዳቤ ሆኖ ወጣ። የዝማም ማስጠንቀቂያ ከፋይሏ እንዲወጣ፣ የምስጋና ወረቀቷም እንዲሰጣት ይላል። የእኔ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «አቶ ጥጋቡ ከጥበቃ ሥራቸው በተጨማሪ አርባ ሦስት ሠራተኞችን አዲሱን የኮምፒውተር ሲስተም አስተምረዋል። ቀደም ሲል የኮምፒውተሮች ሰዓትና ቀን እንዲቀየር በማስተማራቸው ለጠፋው መዝገብም ኃላፊነቱን በጽሑፍ ወስደዋል።»

አዘዞ ወስጄ ለሊቀ መንበሩ ሰጠሁት። አነበበ፤ መነጽሩን አወለቀ። ሁለተኛዋን ዓረፍተ ነገር እንዲያስቀሩልህ ምነው አልጠየቅህም አለኝ። እኔ የጠየቅሁት ያስተማርኩት ሁሉ እንዲጻፍልኝ ነው፣ ተጽፎልኛል አልኩት። መነጽሩን መልሶ አደረገና ሰኞ ጀምር አለኝ። የመጀመሪያው ቀን አሥራ አንድ ሰው መጣ፤ ከመካከላቸው ዝማም ነበረች፤ የአዲሱን ሲስተም ትምህርት መጋዘን ውስጥ ሆና አልፏታልና።

ሁለቱ ደብዳቤዎች በአንድ ቀን ተፈርመው፣ በአንድ መዝገብ፣ በተከታታይ ቁጥር ወጪ ሆነዋል። ቀኑ ጥር 29 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው።